«ይሄ ምን ይጠቅመናል?» ላለኝ ተማሪ ምን ልመልስለት?

ይህን ጥያቄ በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ለ9ኛ ክፍሎች የኤራቶስቴኔስን ነገር አወራሁላቸው። ሰውየው ግሪካዊ ነው፤ የተወለደው በቀሬና፣ በዛሬዋ ሊቢያ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። በደቡብ ግብፅ፣ በዛሬዋ አስዋን፣ በዓመቱ ረጅሙ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ጨረሯ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ውኃ ይነካል። በዚያው ሰዓት እስክንድርያ ላይ የተተከለ ዘንግ ግን ጥላ ይጥላል። አንግሉ ሲለካ የሙሉ ክብ አንድ ሃምሳኛ ሆነ። በሁለቱ ከተሞች መካከል 5,000 ስታዲያ አለ ተባለ፤ ስታዲያ የጥንት የርቀት መለኪያ ነው። በ50 ሲባዛ 250,000። የምድር ዙሪያ ይኸው አለ። የአንዱ ስታዲያ ርዝመት ዛሬም ስለሚያከራክር ስህተቱ ስንት እንደነበር በትክክል አይነገርም። ግን በዘንግና በጥላ ብቻ ወደ እውነተኛው 40,000 ኪሎ ሜትር ተጠግቷል።

ይህን ስናገር ደስ ይለኛል። ፊቴ ላይም ሳይታይ አይቀርም። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ስልኬ ይነግረኝ የለ፣ ታዲያ ይሄ ምን ይጠቅመናል አለኝ። ለመሳደብ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። እኔ ግን ፈተና ላይ ይመጣል ብዬ አለፍኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ያ መልስ እንቅልፍ ነሳኝ። ለዚያ ጥያቄ እንዲህ ያለ መልስ አይገባውም ነበር።

ስለዚህ ጉዳዩን መድረኩ ላይ አወጣሁት። የራሴንም ሐሳብ ጨመርኩ። ግሪኮቹ ዕውቀትን ለራሱ ሲሉ ስለፈለጉት ነው የዛሬው ሳይንስ መሠረት የተጣለው፤ ጥቅሙ ዘግይቶ ራሱ ይመጣል አልኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ 37 መልስ ተሰጠ። ሁሉንም አንብቤያለሁ። ላልተከታተላችሁ በተራ ላውጋችሁ። የማንንም ቃል አልገለብጥም፤ በራሴ አነጋገር ነው።

1ኛው መልስ ከአንድ መሐንዲስ መጣ። በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ መምህር እያለ ነው የጻፈልኝ። ያነሳው የግሪኩን የሒሳብ ሊቅ አፖሎኒየስን ነው። ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት 200 ዓመት ገደማ ሾጣጣ ቅርጽ ሲቆረጥ የሚወጡትን መስመሮች አጠና። ሞላላው፣ ፓራቦላው፣ ሃይፐርቦላው ሁሉ እዚያ አለ። ለምንም ሥራ አልፈለገውም። ከ1,800 ዓመት በኋላ የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር የማርስን መንገድ ሲፈልግ ክቡ እምቢ አለው። እ.ኤ.አ. በ1609 ያሳተመው መልስ ሞላላው መስመር ነበር። ሒሳቡ ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሎ ጠብቆታል። መሐንዲሱ በዚህ አበቃ።

2ኛው የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። የጥንቱ የግሪክ ሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ማረጋገጡን ጠቀሰ። ከ1ና ከራሳቸው በቀር የማያካፍላቸው፣ እንደ 7ና እንደ 13 ያሉት ማለት ነው። ከዚያ የሁለት ቁጥሮችን ትልቁን የጋራ አካፋይ የሚያወጣበትን ዘዴ አስታወሰን፤ 6ኛም 7ኛም ክፍል የተማርነውን። እ.ኤ.አ. በ1977 ሦስት ተመራማሪዎች በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የምሥጢር ቁልፍ ሠሩ። ቁልፉ ሲዘጋጅ ያ የዩክሊድ ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። በኢንተርኔት ገንዘብ ስንልክ የምናያት የቁልፍ ምልክት ከዚያ ቤት ናት ይላል።

3ኛው አመስግኖ ብቻ ሄደ። 4ኛዋ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤተ ሙከራ ትሠራለች። እሷ ወደ ዘመናችን አመጣችን። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፍራንሲስኮ ሞሂካ የሚባል ስፔናዊ በጨው ኩሬ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳትን ያጠና ነበር። ዘረ መላቸው ውስጥ የሚደጋገም እንግዳ ጽሑፍ አየ። ለምን እንዳለ ዓመታት ፈለገ። ያ ነገር ክሪስፐር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዘረ መል የሚቆርጠውን መሣሪያ ለሠሩት ለዶድናና ለሻርፓንቲዬ ኖቤል አስገኘ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ደግሞ ሲክል ሴል ለሚባለው የደም በሽታ ሕክምና ሆኖ በብሪታንያና በአሜሪካ ተፈቀደ። ስለ ጨው ኩሬ ጥቃቅን ሕዋሳት ምን አገባን የሚል ሰው በዚያን ጊዜ ቢከለክለው ኖሮ ብላ አቆመች።

እስከዚህ ድረስ እኔ በደስታ እያነበብኩ ነበር። የፈለግሁትን መልስ አገኘሁ ብዬ ነበር።

5ኛው አስደነገጠኝ። ፍልስፍና የተማረ ሰው ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለፍሬሽማኖች ሎጂክ ያስተምራል። አራታችሁም፣ ጠያቂውንም ጨምሮ፣ ለልጁ ተሸንፋችኋል አለ። ልጁ የጠየቀው ስለ ጥቅም ነው። እናንተም የሰጣችሁት ጥቅም ነው፤ ልዩነቱ የእናንተ 1,800 ዓመት መዘግየቱ ብቻ ነው። ታዲያ ምንም የማይወልድ ዕውቀት ቢኖር ይጣል ልትሉ ነው? ለዚህም ፕላቶን አመጣ። ፖሊቴያ በሚባለው መጽሐፉ 7ኛ ክፍል ግላውኮን የሥነ ፈለክ ትምህርት ለገበሬውም ለመርከበኛውም ለጦር አዛዡም ይጠቅማል ሲል፣ ሶቅራጥስ ሰው የማይረባ ነገር አስተማረ እንዳይልህ ፈራህ መሰለኝ ብሎ ይስቅበታል። ከዚያ አርስቶትል። ሜታፊዚክስ የሚጀምረው ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ማወቅ ይፈልጋል በሚል ነው። ምልክቱ ዓይናችን ነው ይላል፤ ምንም ልንሠራ ባናስብ እንኳ ማየት ደስ ይለናል። ሰውየው የጨመረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። እንጦጦ ላይ ወጥታችሁ ከተማዋን ስታዩ ምን ልትጠቀሙ ነው?

መልስ ቁጥር 6 የኔ ነው። ትክክል ነህ አልኩት። ኤራቶስቴኔስን ሳስተምር ደስ የሚለኝ ጂፒኤስ ስለሚሠራበት አልነበረም። የምድርን መጠን በዘንግ ማወቅ ይቻላል የሚለው ነገር ራሱ ነው ደስ የሚለኝ። ይህን ለልጁ አለመናገሬ ነው ጥፋቴ።

ከ7 እስከ 9 ነገሩ መሞቅ ጀመረ። መሐንዲሱ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ጨዋነቱ ቀንሷል። ውኃና መብራት ባልተሟላበት አገር ስለ እንጦጦ እይታ ማውራት የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው አለ። ሎጂክ አስተማሪው ደግሞ 70 በ30 የሚባለውን የዩኒቨርሲቲ ምደባ አንስቶ፣ ሁሉም ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይንጎድ ሲባል ማሰብ የሚያስተምሩ ትምህርቶች እንዴት እንደተናቁ ጻፈ። አንዱ ሥራ አጥ ምሩቅ ጣልቃ ገብቶ ሁለታችሁም ሥራ አላችሁ፣ እኔ ግን በመሐንዲስነት ተመርቄም ቤት ተቀምጫለሁ አለ። እሱን ማንም አልመለሰለትም። አሁን ሳስበው ልንመልስለት ይገባ ነበር።

10ኛው መልስ ነው የውይይቱን ክር ያዞረው። ጸሐፊው ነገሩን ሊዘጋ ፈልጎ የታወቀውን የዩክሊድ ታሪክ አወጣ። አንድ ተማሪ የመጀመሪያውን ቲዎረም እንደተማረ ይህን በመማሬ ምን አገኛለሁ ብሎ ጠየቀ ይባላል። ዩክሊድ ባሪያውን ጠርቶ፣ ከተማረው ላይ ማትረፍ አለበትና ሦስት ሳንቲም ስጠው አለ። ጸሐፊው መምህር ሆይ ለልጅህም እንዲሁ አድርግለት ብሎ ምክሩን ጨረሰ። ብዙ ሰው ወደደለት።

11ኛዋ የጻፈችው ከዱባይ ነው። ሰው ቤት ትሠራለች። ከ10ኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ስልክ የምትይዘው ማታ ነው። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብባ አንድ ነገር እንዳልገባት ጠየቀች። ሳንቲሙን ያመጣው ባሪያ ቲዎረሙን ተምሮ ነበር ወይ? እሱስ መማር ይፈልግ እንደሆነ የጠየቀው ሰው ነበር? ከዚያ ስለ ራሷ ጻፈች። ምን ይጠቅመናል የሚል ልጅ ሞኝ አይደለም፤ ቤተሰቡ ትምህርቱን የሚከፍለው ከጉሮሮው ቀንሶ ሊሆን ይችላል። እሷም ያንኑ ጠይቃ ነው ያቋረጠችው። ትምህርቱ ስላልጠቀመ አይደለም፤ ጥቅሙን እስኪያይ የሚጠብቅላት ሰው ስላልነበራት ነው።

መድረኩ ለአንድ ቀን ሙሉ ዝም አለ። እኔም የምጽፈው ጠፋኝ።

12ኛው ያው የ10ኛው ሰው ነው። ይቅርታ ጠየቃት፣ እህቴ ብሎ። 13ኛው ታሪኩ ከዩክሊድ 700 ዓመት ያህል ቆይቶ እንደተጻፈ፣ እውነት መሆኑም እንደማይታወቅ አስታወሰ። ይህ ማረሚያ ትክክል ነው፤ ግን የሷን ጥያቄ አይነካም። 14ኛው፣ ሎጂክ አስተማሪው፣ ደፍሮ ነገሩን እስከ ሥሩ ወሰደው። አርስቶትል ራሱ የሒሳብ ጥበብ መጀመሪያ በግብፅ የተገኘው ካህናቱ ትርፍ ጊዜ ስለነበራቸው ነው ብሎ ጽፏል። የግሪኮቹን ትርፍ ጊዜ ማን ሰጣቸው? ባሮች። አርስቶትል ፖለቲካ በሚለው መጽሐፉ አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው ባሪያ ነው ብሎ እስከ መከራከር ደርሷል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ መወርወሪያው ራሱ ቢሸምን ኖሮ ጌታው ባሪያ ባላስፈለገው ነበር ይላል። ዛሬ መወርወሪያው ራሱ ይሸምናል። የሰው ቤት ሠራተኛዋ ግን አሁንም ስልኳን የምታየው ማታ ነው። ሎጂክ አስተማሪው ዕውቀት ለራሱ የሚለውን ሐሳብ አልጣለም። ነገር ግን ትርፍ ጊዜ ለሌለው ሰው ይህን መናገር ግዴታ ያመጣል አለ፤ ጊዜውን ማካፈል። በዚህ ክር ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

15ኛው አባት ናቸው፣ የአብነት መምህር። ግሪክ ግሪክ ስትሉ ሩቅ አታድርጉት፣ በየዓመቱ ፋሲካን ስናወጣ ከእጃችን ላይ ነው አሉ። አበቅቴ የሚለው ቃል ከግሪክ ኤፓክታይ የመጣ ነው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳል፤ አበቅቴ የዚያ ልዩነት ሒሳብ ነው። ባሕረ ሐሳብ ንዑስ ቀመር የሚለው 19 ዓመት አቴናዊው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ያስተዋወቀው ዑደት ነው። 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ይገጥማል። ማዕከላዊ ቀመር የምንለው 76 ዓመትም ካሊጶስ ሜቶንን አርሞ ያወጣው ነው፤ እሱም የአርስቶትል ዘመን ሰው ነው። እኔ አበቅቴን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ግዕዝ ይመስለኝ ነበር።

16ኛው በትሕትና አረማቸው። 19 ዓመቱን ባቢሎናውያን ከሜቶን ቀድመው ያውቁት ነበር። አባትም ተቀበሉ።

ከዚህ በኋላ ግን ተበላሸ። 17ኛው የግሪክ ፍልስፍና ሁሉ ከግብፅ የተሰረቀ ነው አለ። አርስቶትል የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍት ዘርፎ መጻሕፍቱን በስሙ አወጣ ብሎ በእርግጠኝነት ጻፈ። 18ኛው ዓመቶቹን ቆጠረለት። እስክንድርያ የተቆረቆረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ነው። አርስቶትል የሞተው በ322 ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የተደራጀው ከእሱ ሞት በኋላ ግብፅን በገዙት በበጥሊሞሶች ዘመን ነው። ሰው ያልተሠራን ቤት አይዘርፍም። 19ኛው የፈረንጅ አምላኪ ብሎ ተሳደበ። 20ና 21 ስድብ ብቻ ስለሆኑ አወያዩ አጠፋቸው። 22ኛው የአወያዩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ይህ ክርክር በስድብ መሞቱ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ከውስጡ ትልቅ ጥያቄ አለ። 23ኛው ያን ጥያቄ አዳነው። ጂኦሜትሪን ከግብፅ እንደተማሩ ሄሮዶቱስን ጨምሮ ግሪኮቹ ራሳቸው ጽፈዋል፤ ስለዚህ ግብፅን መካድ አይቻልም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ የተጻፈው፣ ሪንድ ፓፒረስ የሚባለው ጥቅል፣ የክብን ስፋት ማውጫ ይሰጣል። የወርዱን ዘጠነኛ ቀንስ፣ የቀረውን በራሱ አባዛ ይላል። ጥሩ መልስ ያመጣል። ለምን እንደሚሠራ ግን አይናገርም። ዩክሊድ ጋ ስንደርስ እያንዳንዱ አባባል ከፊቱ ባለው ላይ ቆሞ ነው የሚሄደው፤ አንባቢው እምቢ ካለ የት ላይ እምቢ እንዳለ ማሳየት ይችላል። ጸሐፊው የግሪኮቹ ድርሻ ይቺ ናት አለ። ዕውቀቱን ብዙ ሕዝብ አዋጥቷል። አስረዳኝ፣ አለዚያ አልቀበልህም ማለትን ግን በጽሑፍ ልማድ ያደረጉት እነሱ ናቸው። እኔም ከዚህ ሰው ጋር ነኝ።

24ኛው ስለ ዘርአ ያዕቆብ ሐተታ ጠየቀ፤ እውነት የ17ኛው መቶ ዓመት መጽሐፍ ነው ወይስ የ19ኛው መቶ ዓመት ሚስዮናዊ የጻፈው? ይህ ምሁራን ገና ያልጨረሱት ክርክር ነው፤ ለብቻው ክር ይከፈትለት ተባለና ታለፈ።

25ኛዋ ነርስ ናት። ጎንደር አካባቢ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሲወድቅ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያደርገው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር መያዝ ነው። አንድ እናት የልጇን ከንፈር አቃጥላ ይዛ መጥታለች። ነርሷ በሂፖክራተስ ስም ከሚጠሩት ጽሑፎች አንዱን፣ ስለ ቅዱሱ በሽታ የሚለውን፣ ተማሪ ሆና ያነበበችውን አነሳች። ዕድሜው 2,400 ዓመት ገደማ ነው። ጸሐፊው ይህ በሽታ ከሌላው በሽታ የበለጠ ቅዱስ አይደለም፣ ተፈጥሯዊ ምክንያት አለው ይላል። ቅዱስ ያሉት ሰዎች አለማወቃቸውን የሚሸፍኑበት ስላጡ ነው ይላል። መነሻው አንጎል ነው ብሎም ያስቀምጣል። አክታ ወደ ደም ሥር ወርዶ ነው ያለው ስህተት ነው። አንጎል ያለው ግን ትክክል ነው። ዛሬ ፌኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል በሽታ ኪኒን የምትሰጠው ያ ጥያቄ ስለተጠየቀ ነው አለች።

26ኛው ቅር አለው። እናቱ ጠበል ወስደውት ነው የዳነው፣ እምነታችንን አትንኩ አለ። 27 እንደገና ነርሷ ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ጠበሉን ማንም አልነካም፤ ኪኒኑን አታቋርጡ፣ ክብሪቱን ጣሉ፣ ልጁን በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ አለች። ይህን የጻፈችውን እኔ ወረቀት ላይ ገልብጬ ትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

28ኛው አርስቶትልን ሊቀጣው ነው የመጣው። ሴት ከወንድ ያነሰ ጥርስ አላት ብሎ ጽፏል፣ ቆጥሮ ማየት እንኳ አቃተው። ከባድ ዕቃ በክብደቱ ልክ ፈጥኖ ይወድቃል ብሏል። እስክንድርያዊው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ በ6ኛው መቶ ዓመት ሁለት ክብደት ጥላችሁ እዩ ብሎ እስኪቃወመው፣ ከዚያም ጋሊሊዮ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ሰው አመነው። 29ኛዋ፣ የሜሪላንዷ ሴት፣ ለሰውየው ጠበቃ ቆመች። ይኸው አርስቶትል በሌስቦስ ደሴት ዳር ዓሣ ሲከፍት ከርሟል። ከሻርክ ወገን የሆነ አንድ ዓሣ ሽሉን እንደ አጥቢ እንስሳ በእትብት አያይዞ እንደሚያሳድግ ጽፎ ነበር። ብዙዎች አላመኑትም። እ.ኤ.አ. በ1842 ዮሐንስ ሙለር የሚባል ጀርመናዊ ዓሣውን ከፍቶ አየ። አርስቶትል ልክ ነበር። ያየውን ሲጽፍ ልክ ነው፣ ሳያይ ሲጽፍ ይሳሳታል ብላ ደመደመች።

30ኛው ነው እጃችንን ሥራ ያስያዘን። መቀሌ የሚያስተምር የሙያ ባልደረባዬ ነው። እስከ መቼ ስለ ዘንግ እናወራለን፣ ለምን አንተክልም አለ። ሚያዝያ 5 ገደማ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትውላለች፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም። እሱ በዚያው ቀን መቀሌ ላይ ይለካል። 31ኛው ርቀቱን 780 ኪሎ ሜትር ብሎ አስቀመጠ። 32ኛው አረመው፤ እሱ የመኪና መንገድ ነው፣ ተራራ ይዞራል። ካርታ ላይ ቀጥታ ሲለካ 500 ነው።

33ኛውን ሳይ ልቤ ዘለለ። ያ ተማሪዬ ነው። ሊንኩን ልኬለት ነበር። ሁሉንም አንብቦ ኖሮ አንድ ነገር ጠየቀ። ኤራቶስቴኔስ ፀሐይ በጣም ሩቅ ስለሆነች ጨረሯ ትይዩ ሆኖ ይመጣል ብሎ ነው የተነሳው። ምድር ጠፍጣፋ ሆና ፀሐይ ቅርብ ብትሆንስ? ያኔም ሁለት ከተማ ላይ የተለያየ ጥላ ይወጣ የለም ወይ? ታዲያ በሁለት ዘንግ ብቻ እንዴት ክብ ናት እንላለን?

እውነቱን ነው። በሁለት ዘንግ አይታወቅም። ይህን በ11 ዓመት የማስተማር ሥራዬ አንድም ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ለራሴ ጠይቄ አላውቅም። ከሩቅ ሦስተኛ ዘንግ ያስፈልጋል ብዬ መለስኩለት። ስቶክሆልም የሚኖር አንድ አንባቢ በ34ኛው መልስ እኔ እተክላለሁ አለ።

ሚያዝያ 5 ሰማዩ ጠራ። ክፍሉ በሙሉ ግቢው ውስጥ አንድ ሜትር እንጨት ከበበ። 6 ሰዓት ከ25 ሲሆን ጥላው እንጨቱ ሥር ገብቶ ጠፋ። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ጥላ ለመፈለግ ወደ እግራቸው ያዩ ነበር። በ35ኛው መልስ መቀሌ ውጤቱን ለጠፈ፤ አንድ ሜትር እንጨት፣ 8 ሴንቲ ሜትር ጥላ። 4.6 ዲግሪ ማለት ነው። 360ን ለ4.6 አካፍሎ በ500 ማባዛት ነው። ከ39,000 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል።

ልጁ ግን ስቶክሆልምን ነበር የሚጠብቀው። አስቀድሞ ሁለቱንም መንገድ አስልቶ ደብተሩ ላይ ጽፏል። ምድር ጠፍጣፋ ከሆነች በመቀሌ ጥላ መሠረት ፀሐይ በ6,250 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ስቶክሆልም ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 5,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ የአንድ ሜትር እንጨት ጥላ 90 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ምድር ክብ ከሆነች ግን 120። 36ኛው መልስ ማታ መጣ። 119። ልጁ ስልኩን ይዞ ቤቱ ውስጥ መጮሁን በማግሥቱ ነገረኝ።

37ኛው የመጨረሻው ነው። የዱባይዋ እህታችን ናት። ማንም ሳይጠይቃት እሷም ለክታለች። የምሳ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ የመጥረጊያውን እንጨት ጣሪያው ላይ አቆመችው። 120 ሴንቲ ሜትር ነው። ጥላው በጣም ባጠረበት ሰዓት 35 ሆነ። ልክ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ተማሪዬ 16 ዲግሪ ከምናምን እንደሚሆን፣ ከካርታውም ጋር እንደሚገጥም አስልቶ አሳያት። አክሎም ፀሐይ ከዱባይ በስተደቡብ ካለው መዞሪያ መስመሯ ወደ ሰሜን ስለማታልፍ እዚያ ጥላ ፈጽሞ እንደማይጠፋ፣ በሰኔ 14 ግን የሷ እንጨት ጥላ 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ እንደማይሞላ ነገራት። እሷም ሰኔ 14ን ስልኳ ላይ መዝግባዋለች።